በሆዳችን ስለሚኖሩት ጥቃቅን ተሐዋስያንና ስለ ጤናችን

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሳይንስ ክበብ ስም የተደረገ ንግግር)



በዛሬው የደስታ ቀን ከሳይንስ ክበባችን አባሎች መካከል ተመርጬ በፊታችሁ ለመናገር በመቻሌ የሚሰማኝ ደስታ ከፍ ያለ ነው። የበዓል ቀን ንግግር ብዙ ጊዜ ስለ ትልልቅ ነገር ይሆናል፤ ስለ አገር፥ ስለ ታሪክ፥ ስለ ሥልጣኔ። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው በዐይን ስለማይታዩ እጅግ ጥቃቅን ፍጥረቶች ነው። ይኸውም በያንዳንዳችን አንጀት ውስጥ ስለሚኖሩት ባክቴሪያዎች፥ ስለሚመገቡት ምግብ፥ ስለሚኖሩበት አካባቢና በጤናችን ላይ ስላላቸው ሥልጣን ነው። ከዚህ ንግግር በኋላ የምሳ ግብዣ እንዳለ ስለማውቅ፥ ነገሩ ለምግብ ሰዓት የማይስማማ ለሚመስለው ሁሉ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዳሩ ግን ዛሬ በማዕድ የሚቀርብልንን የምንመገበው ብቻችንን አይደለም፤ አብረውን የሚበሉ አሉ። አብሮን የሚበላውን ማወቅ ደግሞ ደግ ነው።

የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

አንደኛ፤ እነዚህ ፍጥረቶች እንደ ምን ታወቁ?

ባክቴሪያ የሰው ልጅ በምድር ላይ ከመታየቱ እጅግ አስቀድሞ የነበረ ፍጥረት ነው፤ መኖሩ የታወቀው ግን ከሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ ወዲህ ነው። በሆላንድ አገር ዴልፍት በምትባል ከተማ ይኖር የነበረ አንቶኒ ቫን ሌዌንሁክ የሚባል የጨርቅ ነጋዴ በትርፍ ጊዜው መስተዋት እየፋቀ አጉሊ መነጽር ይሠራ ነበር። ይህ ሰው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አልተማረም፤ በዚያ ዘመን የሊቃውንት ቋንቋ የነበረውን ላቲንንም አያውቅም ነበር። ሆኖም ከገዛ ጥርሱ ላይ የፋቀውን ነጭ ቆሻሻ በመነጽሩ ቢመለከት እጅግ ብዙ የሚንቀሳቀሱ ጥቃቅን ፍጥረቶች አየ፤ ያየውንም በ1683 ዓ.ም. በለንደን ለሚገኘው የሊቃውንት ማኅበር ጽፎ ላከ።

ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ በ1885 ዓ.ም. ቴዎዶር ኤሸሪክ የሚባል የሕፃናት ሐኪም ከሕፃናት ዐይነ ምድር ውስጥ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ለይቶ አወጣ። ያ ባክቴሪያ ዛሬ በእርሱ ስም ኤሸሪኪያ ኮላይ፥ ባጭሩም ኢ. ኮላይ ይባላል። በዚያው ዘመን ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተርና ጀርመናዊው ሮበርት ኮኽ ብዙ በሽታዎች ከጥቃቅን ተሐዋስያን እንደሚመጡ አስረዱ። በዚህ ዕውቀት እጅግ ብዙ ሕይወት እንደ ዳነ የታወቀ ነው። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ሰው ባክቴሪያ የተባለውን በሙሉ እንደ ጠላት መቍጠር ጀመረ። ጥቂት ወንበዴዎች ስላሉበት አንድን አገር በሞላው ወንበዴ ብሎ እንደ መጥራት ማለት ነው።

ይህን አስተያየት ከተቃወሙት አንዱ በፓሪስ በፓስተር ተቋም ይሠራ የነበረው በሩሲያ ግዛት የተወለደው ኤልያ ሜችኒኮፍ ነበር። ይህ ሊቅ ሰውነት በሽታን እንደ ምን እንደሚከላከል በመመርመሩ በ1908 ዓ.ም. ከፓውል ኤርሊኽ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፍሏል። ሜችኒኮፍ የቡልጋሪያ ገበሬዎች ዕድሜ የሚረዝመው እርጎ በመጠጣታቸው ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ራሱም እርጎ ይጠጣ ነበር። የሞተው በ71 ዓመቱ ነው። እርጎ ዕድሜን ያረዝማል ያለው ነገር እንደ ተናገረው ሆኖ አልተገኘም፤ ነገር ግን በሆድ ውስጥ ወዳጅ የሆኑ ባክቴሪያዎች አሉ፥ ምግባችንም ይነካቸዋል ያለው አሳብ ጸንቶ ቀርቷል።

ሁለተኛ፤ ብዛታቸው ምን ያህል ነው?

አንድ ኢ. ኮላይ ርዝመቱ የሚሊሜትር አምስት መቶኛ ክፍል ገደማ ነው፤ ማለት አምስት መቶ ያህሉ ተከታትለው ቢሰለፉ አንድ ሚሊሜትር ይሞላሉ። ሊቃውንት በ2016 ዓ.ም. ባወጡት ስሌት 70 ኪሎ ግራም በሚመዝን ሰው ላይ 38 ትሪሊዮን ያህል ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ የሰውዬው የራሱ ሕዋሳት ግን 30 ትሪሊዮን ገደማ ናቸው። አንድ ትሪሊዮን አንድ ሺህ ቢሊዮን መሆኑን የሒሳብ መምህሮቻችን ያስታውሱናል። አብዛኞቹ የሚኖሩት በትልቁ አንጀት ነው። እንደዚህ በዝተውም ሁሉም ባንድነት ቢመዘኑ 200 ግራም ያህል ብቻ ናቸው።

ብዛታቸው ብቻ አይደለም የሚያስደንቀው። የሰው ልጅ ከወላጆቹ የሚወርሳቸው ጂኖች 20,000 ገደማ ናቸው። በ2010 ዓ.ም. ከአውሮፓ ሰዎች አንጀት የተሰበሰቡ ተሐዋስያን በተመረመሩ ጊዜ ግን 3.3 ሚሊዮን ልዩ ልዩ ጂኖች ተገኙባቸው። ጂን ማለት ለሥራ የሚያገለግል መመሪያ እንደ ሆነ በባዮሎጂ ተምረናል። እንግዲህ እኛ ራሳችን ልንሠራቸው የማንችላቸውን ብዙ ሥራዎች እነዚህ እንግዶቻችን ሊሠሩልን ይችላሉ ማለት ነው።

ሦስተኛ፤ ሥራቸው ምንድን ነው?

ነገሩን በሁላችን ዘንድ በታወቀ ምሳሌ ልጀምር። በሬ ገለባ በልቶ እንደሚያርስ እናውቃለን። ነገር ግን በሬው ራሱ ገለባውን የሚያፈርስበት ኃይል የለውም። ገለባ የተሠራው ሴሉሎስ ከሚባል ጠንካራ ነገር ነው፤ ይህንንም የሚያፈርሱት በበሬው ጨጓራ ውስጥ የሚኖሩ ተሐዋስያን ናቸው። እርሻውን የሚያርሱት በሬና ገበሬ ብቻ ይመስሉናል፤ በእውነቱ ግን ከቀንበሩ ሥር በዐይን የማይታይ ጭፍራ አብሮ ይስባል።

የሰው ሆድ እንደ በሬ ሆድ አይደለም። ከምንበላው አብዛኛው ክፍል በጨጓራና በትንሹ አንጀት ልሞ፥ ስታርቹ ወደ ስኳር፥ ቅባቱና ፕሮቲኑም ወደየጥቃቅን ክፍላቸው ተለውጠው ወደ ደም ይገባሉ። ከባቄላና ከሽምብራ ቅርፊት፥ ከጎመን፥ ከገብስና ከጤፍ የሚገኘው ፋይበር ወይም አሰር ግን ሰውነታችን ሊያፈርሰው ስለማይችል ሳይለወጥ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። ቀድሞ ሰዎች ይህ ክፍል ጥቅም የሌለው ገለባ ነው ይሉ ነበር። እርሱ ግን የባክቴሪያዎቹ ቀለብ ነው።

ባክቴሪያዎቹ አሰሩን ሲያብላሉት አሴቴት፥ ፕሮፒዮኔትና ቡቲሬት የሚባሉ አሲዶች ያወጣሉ። ከእነዚህ ውስጥ ቡቲሬት የሚባለው የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሕዋሳት ዋና ምግብ ነው። የቀሩትም ወደ ደም ገብተው እስከ ጉበት ይደርሳሉ። ደግሞም እነዚህ አሲዶች የአንጀትን ሕዋሳት እየቀሰቀሱ አንዳንድ ሆርሞኖችን እንዲያወጡ ያደርጓቸዋል፤ ሆርሞኖቹም ለአእምሮ የጥጋብን ወሬ ይነግራሉ፥ ቆሽትም ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ይረዳሉ። ኢንሱሊን በደም ውስጥ ያለውን ስኳር የሚያስተካክል፥ ሲጓደልም የስኳር በሽታ የሚከተል መሆኑን ታውቃላችሁ። በዚህ ዓይነት አንድ ጭብጥ ሽምብራ የበላ ልጅ ከሽምብራው የሚያገኘው ጥቅም ከሰዓታት በኋላም ይቀጥላል።

ከዚህም ሌላ አንዳንዶቹ ባክቴሪያዎች ቪታሚን ኬ የተባለውን ይሠራሉ። ሌሎቹም ቦታውን አስቀድመው ስለያዙት ከውጭ የሚመጣ በሽታ አምጪ ተሐዋሲ የሚያርፍበት ሥፍራ እንዲያጣ ያደርጋሉ። የሰውነታችን የመከላከያ ኃይል ወዳጅን ከጠላት መለየትን የሚማረው ከልጅነት ጀምሮ ከእነዚሁ ጋር በመኖሩ ነው።

ቀለባቸው ሲቋረጥስ? የአንጀት ግድግዳ ንፍጥ በመሰለ ሽፋን ተለብጧል፤ ይህም ሽፋን ባክቴሪያዎቹን ከግድግዳው የሚያርቅ አጥር ነው። በአይጦች ላይ በተደረገ ምርመራ አሰር የሌለው ምግብ በተሰጣቸው ጊዜ አንዳንዶቹ ባክቴሪያዎች የሚበሉትን አጥተው አጥሩን ራሱን መብላት ጀመሩ፤ አጥሩም ሳሳ። የተራበ ሎሌ የጌታውን አጥር ነቅሎ ያነዳል እንደ ማለት ነው።

አራተኛ፤ ከእናት ጡት ጀምሮ

ሕፃን ሲወለድ ባክቴሪያዎቹን የሚያገኘው ከሁሉ በፊት ከእናቱ ነው። የእናት ወተት በተመረመረ ጊዜ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ተገኘ። ከወተት ስኳርና ከቅባት ቀጥሎ በወተቱ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ጠጣር ነገር ሕፃኑ ራሱ ሊፈጨው የማይችለው ልዩ ዓይነት ስኳር ነው። ታዲያ እናት የማይፈጨውን ለልጅዋ ስለ ምን ትሰጠዋለች? መልሱ ምግቡ ለሕፃኑ አለመሆኑ ነው፤ ቢፊዶባክቴሪያ ለሚባሉት በሕፃኑ አንጀት ለሚኖሩ ወዳጆች ነው። እነርሱም በልተው ሲበዙ የሕፃኑን ሆድ ይጠብቁለታል። ሐኪሞች ሕፃን እስከ ስድስት ወር ድረስ ከእናት ጡት በቀር ምንም አይቅመስ የሚሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እናቶቻችን የቢፊዶባክቴሪያን ስም ሳይሰሙ ለብዙ ሺህ ዓመት ሲመግቧቸው ኖረዋል።

አምስተኛ፤ ምግብና አካባቢ ሲለወጡ

በ2010 ዓ.ም. የኢጣሊያ ሊቃውንት በፍሎረንስ ከተማ የሚኖሩ ልጆችንና በምዕራብ አፍሪካ በቡርኪና ፋሶ የገጠር መንደር የሚኖሩ ልጆችን አነጻጸሩ። የመንደሩ ልጆች ምግብ ማሽላና ዘንጋዳን የመሰለ እህል፥ ጥራጥሬና አትክልት ነበር። የከተማዎቹ ልጆች ሥጋ፥ ስኳርና ቅባት የበዛበት ምግብ ይበሉ ነበር። በቡርኪና ፋሶ ልጆች አንጀት ፕሬቮቴላን የመሳሰሉ አሰርን የሚያፈርሱ ባክቴሪያዎች በዝተው ተገኙ፤ ቀደም ብዬ የጠራኋቸው ጠቃሚ አሲዶችም ከፍሎረንስ ልጆች ይልቅ በብዛት ተገኙባቸው።

በ2015 ዓ.ም. የታተመው ሌላው ምርመራ ከዚህ ይበልጥ ግልጽ ነው። በአሜሪካ በፒትስበርግ ከተማ የሚኖሩ 20 ጥቁር አሜሪካውያንና በደቡብ አፍሪካ ገጠር የሚኖሩ 20 ሰዎች ለሁለት ሳምንት ምግብ ተለዋወጡ። አሜሪካውያኑ በቀን 55 ግራም አሰር ያለበትንና ቅባቱ ያነሰውን የአፍሪካ ገጠር ምግብ በሉ፤ ደቡብ አፍሪካውያኑ ደግሞ አሰሩ ወደ 12 ግራም የወረደውንና ሥጋና ቅባት የበዛበትን የአሜሪካ ምግብ በሉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የአሜሪካውያኑ ቡቲሬት ከእጥፍ በላይ ጨመረ፥ የአንጀታቸውም ግድግዳ መቈጣት በረደ። በደቡብ አፍሪካውያኑ ዘንድ ነገሩ ተገለበጠ፤ ቡቲሬቱ ወደ ግማሽ ወረደ፥ ወደ አንጀት ካንሰር የሚያደላ ምልክትም ታየ። ልብ በሉ፤ የተለወጠው ዘር አይደለም፥ የተለወጠው ማዕድ ነው። ጊዜውም አሥራ አራት ቀን ብቻ ነበር።

ከአገር ወደ አገር መሄድስ ምን ያመጣል? በ2018 ዓ.ም. ከታይላንድ ወደ አሜሪካ ሚኒሶታ ስለ ፈለሱ የህሞንግና የካረን ሕዝቦች የታተመ ምርመራ እንዳመለከተው፥ ስደተኞቹ ከመጡ በጥቂት ወራት ውስጥ ከአንጀታቸው ባክቴሪያዎች የአንዳንዱ ዘር መጥፋት ጀመረ፤ በዚያ በተወለዱት ልጆቻቸው ደግሞ ጉድለቱ ባሰ። ውፍረትም በዚያው መጠን ጨመረ።

ስለ ራሳችን ወገኖችም የታወቀ ነገር አለ። በ1984ና በ1991 ዓ.ም. በታላላቅ ዘመቻዎች ወደ እስራኤል ከገቡት ቤተ እስራኤል መካከል፥ ሲደርሱ እምብዛም የማይታየው የስኳር በሽታ ከዓመታት ኑሮ በኋላ እየበዛ መሄዱን የዚያ አገር ሐኪሞች ጽፈዋል። የዚህ ምክንያቱ ባክቴሪያ ብቻ ነው ማለት አይገባም፤ በእግር መሄድ ቀርቶ በመኪና መሄድ፥ የእርሻ ሥራ ቀርቶ ተቀምጦ መዋል፥ የነጭ ዱቄትና የስኳር መብዛት፥ የስደት ጭንቀትም አብረው ይሠራሉ። ነገር ግን ይህን ለውጥ ለማየት ዛሬ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። በከተሞቻችን ውስጥ የስኳር በሽታና የደም ብዛት ያልደረሰበት ዘመድ የሌለው ቤተሰብ ማግኘት እያስቸገረ ነው። ማዕዳችን ከእኛ ጋር ሳይሰደድ፥ እኛው በቤታችን ተቀምጠን ከማዕዳችን ተሰደናል።

ስድስተኛ፤ ባክቴሪያና ውፍረት

በ2004 ዓ.ም. በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ የሚሠሩ ሊቃውንት ከተወለዱ ጀምሮ አንድም ባክቴሪያ ሳይነካቸው ያደጉ አይጦችን ወስደው፥ ከሌሎች አይጦች አንጀት የተገኘ ባክቴሪያ ሰጧቸው። አይጦቹ ከቀድሞው ያነሰ እየበሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሰውነታቸው ስብ 60 በመቶ ጨመረ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ አንደኛዋ ወፍራም ሁለተኛዋ ቀጭን ከሆኑ መንትያ እኅትማማቾች የተወሰደ ባክቴሪያ ለአይጦች ተሰጠ። ከወፍራምዋ የተቀበሉት አይጦች ወፈሩ፥ ከቀጭንዋ የተቀበሉት ቀጭን ሆነው ቀሩ። ሁለቱን ባንድ ቤት ቢያኖሯቸው የቀጭኖቹ ባክቴሪያ ወደ ሌሎቹ ተሻግሮ ከውፍረት አዳናቸው። ነገር ግን ይህ የሆነው ምግባቸው አትክልትና ፍራፍሬ የበዛበት፥ ስብ ያነሰበት በነበረ ጊዜ ነው። ክፉ ምግብ በተሰጣቸው ጊዜ ደጎቹ ባክቴሪያዎች መጥተው ሊያድኗቸው አልቻሉም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው አይጥ ሰው አለመሆኑ ነው። በአይጥ የታየው ሁሉ በሰው አይደገምም፤ በጋዜጣና በማስታወቂያ ሆድን የሚያጸዳ፥ ውፍረትን የሚያጠፋ ባክቴሪያ በእንክብል ሞልተን እንሸጣለን የሚሉትን ሁሉ ቶሎ ማመን አይገባም። ሁለተኛው፥ ጥሩ ዘር በመጥፎ መሬት እንደማይበቅል፥ ጥሩ ባክቴሪያም ቀለብ በሌለበት ሆድ አይሰነብትም።

ሰባተኛ፤ ስለ አገራችን ምግብ

አሁን ወደ ራሳችን ሌማት እንመለስ። የጤፍ ቅንጣት እጅግ ትንሽ በመሆንዋ ገለፈቱን ለይቶ ማውጣት አይቻልም፤ ስለዚህ ነጭም ይሁን ቀይ፥ ሰርገኛም ይሁን፥ የጤፍ እንጀራ የሚጋገረው ከሙሉ እህል ነው። በሌላው ዓለም ሰዎች ሙሉ እህል ብሉ እየተባሉ ሲመከሩ፥ እኛ ይህን በልምድ አግኝተነዋል። በላዩ ላይ የሽሮው፥ የምስሩ፥ የአተር ክኩና የጎመኑ ወጥ ሲጨመርበት የጾም በያይነቱ የሚባለው ማዕድ ለአንጀት ባክቴሪያዎች የተደገሰ ሰርግ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰርና 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ ይመክራል፤ ጥራጥሬ አዘውትሮ ለሚበላ ሰው አሰሩን መሙላት አያስቸግርም። እኛን ብዙ ጊዜ የሚጐድለን ፍራፍሬውና አትክልቱ ነው።

ስለ እርሾም አንድ ቃል ልናገር። ሊጥ በእርሾ ሲቦካ የሚሠሩት ባክቴሪያዎችና እርሾ የሚባሉት ጥቃቅን ፈንገሶች ናቸው። እናቶቻችን ከአንዱ ቡኮ እርሾ አስቀርተው ለሚቀጥለው ሲያስተላልፉ፥ ሕያው ፍጥረትን ከትውልድ ወደ ትውልድ ያወርሳሉ። እንጀራው በምጣድ ላይ ሲጋገር እነዚህ ተሐዋስያን በእሳቱ ይሞታሉ፤ ስለዚህ እንጀራ ሕያው ባክቴሪያ ያስገባልናል ማለት ስሕተት ነው። ጥቅሙ ሌላ ነው፤ መቡካቱ በእህሉ ውስጥ ብረትንና ዚንክን አስሮ የሚይዘውን ነገር ስለሚቀንሰው ሰውነታችን ከእህሉ ብረት እንዲያገኝ ይረዳል። በደቡብ አገራችን ከእንሰት የሚዘጋጀው ቆጮም እንደዚሁ በመብላላት የሚገኝ ነው። እርጎ ግን ሳይበስል ስለሚጠጣ ባክቴሪያዎቹ ሕያዋን ሆነው ወደ ሆድ ይገባሉ። በ2021 ዓ.ም. በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ36 ሰዎች ላይ የተደረገ ምርመራ እንዳሳየው፥ እርጎንና የመሳሰሉትን የተብላሉ ምግቦች ለ10 ሳምንት አዘውትረው የበሉት የአንጀታቸው ባክቴሪያ በዓይነት በዛ፥ የሰውነት መቈጣትን የሚያመለክቱ ነገሮችም በደማቸው ቀነሱ።

ይህን ሁሉ ስናገር የጥንቱ ኑሮ ሁሉ መልካም ነበር ማለቴ አይደለም። አያቶቻችን ሽሮና ጎመን እየበሉ ከወራጅ ውሃ በሚመጣ ተቅማጥና በተስቦ ልጆቻቸውን ቀብረዋል። ያልተፈላ ወተት የሳንባ ነቀርሳንና ሌላም በሽታ ሊያመጣ ይችላል፤ ስለዚህ እርጎ የሚረጋው ከተፈላ ወተት ቢሆን ይሻላል። ጥሬ ሥጋ ኮሶ እንደሚያስይዝ ማንም ያውቃል። ከደጅ ያለ ባክቴሪያ ሁሉ ወዳጅ አይደለም፤ እጅን በሳሙና መታጠብ፥ ንጹሕ ውሃ መጠጣት፥ መጸዳጃን በንጽሕና መያዝ የማይታለፍ ግዴታ ነው። ብልኅነት ጠላትን ከደጅ መመለስና ወዳጅን በቤት መመገብ ነው።

ስለ መድኃኒትም ላስታውስ። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 ዓ.ም. ፔኒሲሊንን ካገኘ ወዲህ አንቲባዮቲክ የሚባሉት መድኃኒቶች ሞትን ከብዙ ቤት መልሰዋል። ሐኪም ባዘዘ ጊዜ እንደ ታዘዘው መውሰድ ይገባል። ነገር ግን መድኃኒቱ ወዳጅን ከጠላት አይለይም፤ በሽታውን ሲገድል የሆዳችንንም ወዳጆች ይፈጃል። ደግሞም ያለ ልክ ሲወሰድ በሽታ አምጪዎቹ መድኃኒቱን ይለምዱታል፤ ይህንንም ፍሌሚንግ ራሱ በ1945 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል አስጠንቅቆ ነበር። ለጉንፋን ሁሉ፥ ከጎረቤት ተውሶም ሆነ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝቶ አንቲባዮቲክ መዋጥ፥ አንድ አይጥ ለመግደል ጐተራ ማቃጠል ነው። ጉንፋን ከቫይረስ ስለሚመጣ መድኃኒቱ አይጡንም አያገኘው።

ስምንተኛ፤ ከእኛ የሚጠበቀው

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፥ አሁን የምናገረው ነገር የሚነካው ይህንኑ ግቢ ነው። በምሳ ሰዓት በየክፍሉ የሚታየውን ሁላችንም እናውቃለን። ሽሮ በእንጀራ የያዘ ልጅ የምሳ ዕቃውን ክዳን ግማሽ ከፍቶ፥ በእጁ ሸፍኖ፥ ጥግ ይዞ ይበላል። ብስኩትና ለስላሳ መጠጥ የገዛ ግን በመካከል ተቀምጦ እያሳየ ይበላል። ከእኛ መካከል ምሳውን ደብቆ ወደ ቤት የመለሰ፥ ከዚያም ከሰዓት በኋላ ባዶ ሆዱን የተማረ አለ። እናት ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥታ የሠራችው ምግብ የሚታፈርበት፥ በስኳር የተቀለመ ውሃ የሚከበርበት ለምንድን ነው? ያ ልጅ የሚደብቀው ማዕድ ሊቃውንት በፒትስበርግ ሰዎችን ለማዳን የፈለጉት ዓይነት ማዕድ ነው። ይህን እያወቅን ዝም ብንል የሳይንስ ክበባችን ስሙ እንጂ ሥራው የለም።

ለልጁ የኪስ ገንዘብ የሚሰጥ ወላጅ በፍቅር እንደሚሰጥ እናውቃለን። በልጅነቱ የተቸገረ አባት ልጁ እንዳይቸገር በማለት የሚያጓጓውን ሁሉ ይገዛለታል። ነገር ግን ፍቅር በስኳር አይመዘን። በቤታቸው የሚበቃ ምግብ የሌላቸው ጓደኞቻችንም አሉ፤ ለተራበ ሰው ስለ ባክቴሪያ ማውራት ቀልድ እንዳይመስል ይህን ልጨምር። በ2021 ዓ.ም. በባንግላዴሽ በዳካ ከተማ በምግብ እጥረት ለተጐዱ ሕፃናት ከሽምብራ፥ ከአኩሪ አተር፥ ከለውዝና ከሙዝ የተዘጋጀ ምግብ ተሰጣቸው፤ ምግቡም የተመረጠው ለሕፃናት አንጀት የሚበጁትን ባክቴሪያዎች እንዲያሳድግ ነበር። በሦስት ወር ውስጥ እነዚህ ሕፃናት የተለመደውን የእርዳታ ምግብ ከበሉት ይልቅ በክብደት እድገት በለጡ፥ የምግባቸው ኃይል ግን ከሌላው ያነሰ ነበር። እንግዲህ መልካም ምግብ የግድ ውድ ምግብ ማለት አይደለም።

ስለዚህ በክበባችን ስም ሦስት ነገር እለምናለሁ።

ከትምህርት ቤታችን አስተዳደር፤ በግቢያችን ሻይ ቤት ከብስኩትና ከለስላሳ መጠጥ ጐን ቆሎ፥ የባቄላና የሽምብራ ንፍሮ፥ ሙዝና ብርቱካን በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲሸጥ፥ ንጹሕ የመጠጥ ውሃና ሳሙናም ከእጅ መታጠቢያው እንዳይጠፋ እንዲታሰብበት። ከሜዳው በስተጀርባ ያለውን ባዶ መሬት የሳይንስ ክበብ አባሎች ጎመንና ካሮት ልንተክልበት ፈቃደኞች ነን።

ከወላጆቻችን፤ ለልጃችሁ ከምትሰጡት ገንዘብ በፊት የምሳ ዕቃውን ሙሉለት፤ ሲመለስም ባዶ መሆኑን ተመልከቱ።

ከእናንተ ከጓደኞቼ፤ ነገ በምሳ ሰዓት የምሳ ዕቃችሁን ክዳን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱት። ያልያዘ ጓደኛ ካለ ጥሩት፤ አብሮ መብላት የአገራችን ባሕል ነው፤ ጉርሻም አልቀረም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፥ አንድ ልጅ ብቻውን ሊያሸንፈው የማይችለውን ኀፍረት አንድ ክፍል በሙሉ ባንድ ቀን ሊያስቀረው ይችላል።

ሌዌንሁክ የጨርቅ ነጋዴ ሳለ በትርፍ ጊዜው ያየው ነገር ዓለምን እንደ ለወጠ ተመልክተናል። ከዚህ ትምህርት ቤት ከሚወጡት ወጣቶች መካከልም አንድ ቀን የእርሾን፥ የቆጮንና የእርጎን ባክቴሪያዎች መርምሮ ለዓለም የሚያስረዳ ሊቅ እንዲወጣ እመኛለሁ። ጓዳችን ገና ያልተነበበ መጽሐፍ ነው።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዓመታት ጸንቶ ይኑር።  መልካም ምሳ ይሁንላችሁ።